ልጁን ያስፈራው የትኛው ጅብ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ በሕፃናት ካርቱን ፊልሞች ውስጥ ስላሉ አስፈሪ ትዕይንቶች። የመጡት ከአዘዞ፣ ከቁስቋም፣ ከማራኪና ከፒያሳ ነው። ጎንደር ውስጥ ረጅም ዘመን የአጸደ ሕፃናት መምህርት ሆኜ ስለኖርሁ ነገሩ ከልቤ ይገባል። የዛሬውን አምድ ሙሉውን ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አዘዞ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅና አራት ዓመት ተኩል የሆነው ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በመተማ መንገድ ስለሚመላለስ ብዙ ሌሊት ውጭ ያድራል። ከወር በፊት «ዘ ላዮን ኪንግ» የተባለውን የአንበሳውን ንጉሥ ካርቱን ፊልም በፍላሽ አስጭኜ መጣሁ። እኔ እንጀራ ስጋግር ሁለቱ ብቻቸውን አዩት። ሴቷ ወደደችው፤ ዛሬም ደጋግማ ታየዋለች። ትንሹ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ልጅ ሆነብኝ። መብራት ከጠፋ አይተኛም። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ከመሸ ወደዚያ አልሄድም ይላል። ትቶት የነበረውን አልጋ ማርጠብም እንደገና ጀምሯል። «ጅቦቹ ይመጣሉ» ይለኛል። ማታ ማታ ደግሞ እውነተኛው ጅብ ይጮኻል፤ ምን ልበለው? «አባዬ መቼ ይመጣል?» እያለም ቀኑን ሙሉ ይጠይቀኛል፤ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ባለቤቴ «ፍርሃቱ እንዲለቀው ደጋግሞ ይየው» ብሎ አጠገቡ አስቀምጦ አሳየው፤ ልጁ ግን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። አማቴ ደንግጧልና ጠበል ይጠመቅ ይላሉ። ከእንግዲህ ካርቱን የሚባል ነገር ቤቴ እንዳይገባ ልከልክል? ለመሆኑ እነዚህ ፊልሞች ለልጅ አይከብዱም?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ መልእክት ለባለቤትሽ አድርሺልኝ፤ ልጁን አስገድዶ ማሳየት ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ልጁን መውደዱንና ብርቱ ሰው እንዲሆንለት መመኘቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን ዓይኑን ሸፍኖ የሚያለቅስ ልጅ ከዚህ ድፍረት አይማርም። የሚማረው፣ ሲፈራ የሚያድነው ሰው እንደሌለ ነው። ልጅ የሚደፍረው ራሱ «እስቲ ልየው» ሲል፣ ሲበቃው ደግሞ «ዝጉልኝ» ብሎ የሚሰማው ሰው ሲያገኝ ነው።

ፊልሙ ለልጅ ይከብዳል ወይ ላልሽኝ፣ ለሴት ልጅሽ አልከበደም፤ ለትንሹ ብቻውን ሆኖ ማየቱ ከብዶታል። ሁለቱ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ቢቀመጡም ያዩት አንድ ነገር አልነበረም።

ትንሽ ልጅ የሚፈርደው በመልክ ነው። ጆአን ካንተርና ሲንቲያ ሆፍነር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት አንዲት አሮጊት የምትታይበትን አጭር ፊልም በአራት ዓይነት ሠርተው ለልጆች አሳዩ። በአንዱ ሴትዮዋ ደስ የሚል ፊት ያላት ደግ ናት፤ በሌላው ያው ደስ የሚል ፊት ይዛ ጨካኝ ናት፤ በሦስተኛው ፊቷ የሚያስፈራ ሆኖ ደግ ናት፤ በአራተኛው ፊቷም ሥራዋም ክፉ ነው። ከ3 እስከ 5 ዓመት ያሉት ልጆች ስለ ሴትዮዋ የፈረዱት ይበልጡን በፊቷ ነበር። ከ9 እስከ 10 ዓመት ያሉት ግን ሥራዋን አይተው ፈረዱ። አሁን የአንቺን ሁለት ልጆች አስቢ። በዚያ ፊልም ውስጥ ያሉት ሦስት ጅቦች ትልቋን ያስቋታል፤ ቂሎች እንደሆኑ፣ ሁልጊዜ እንደሚጃጃሉ ገብቷታል። ትንሹ ያየው ያገጠጠ ጥርስና የሚያበራ ዓይን ነው። ቂልነታቸው ያለው በንግግራቸው ውስጥ ነው፤ ንግግሩ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእኛ አገር ስለዚህ ነገር ሲወራ የሚረሳው ይህ ነውና። የካርቱን ሠሪዎች ፍርሃቱን በሥዕልና በሙዚቃ ይሠሩታል፤ ማጽናናቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ በቃል ያደርጉታል። አንበሳው ልጁን ቁጭ አድርጎ ይመክረዋል፤ ጓደኞቹ አይዞህ ይሉታል፤ የተሠራው በደል ለምን እንደተሠራ ይነገራል። ቋንቋውን የሚያውቅ ልጅ ከድንጋጤው በኋላ ይህን ሁሉ ይሰማል። የእኛ ልጆች ብዙውን ጊዜ ካርቱን የሚያዩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዲሽ ያለው ቤት ደግሞ በዓረብኛ። ስለዚህ ማስፈራራቱ ሙሉውን ይደርሳቸዋል፤ ማጽናኛው ግን አየር ላይ ይቀራል። የውጭ አገር ወላጅ «ልጄ አይቶት ምንም አልሆነም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ የእርሱ ልጅ ፊልሙን ከነማጽናኛው አይቶታል። ከፈለግሽ ይህን ሞክሪ፤ ጅቦቹ ግልገሎቹን የሚያሳድዱበትን ቦታ መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ፣ ከዚያም ከፍተሽ እዪው። ፍርሃቱ ምን ያህል በሙዚቃው ላይ እንደቆመ ራስሽ ታገኚዋለሽ።

«ይህ እኮ እውነት አይደለም» ማለትስ? ለዘጠኝ ዓመቷ ይሠራል። ለትንሹ አይሠራም። ካንተር ከሌላ ባልደረባዋ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው ጥናት፣ አስፈሪ ጠንቋይ ያለችበትን ትዕይንት ሲያዩ «የፈጠራ ታሪክ መሆኑን አስታውሱ» የተባሉት ትልልቅ ልጆች ፍርሃታቸው ቀንሶላቸዋል፤ የአጸደ ሕፃናት ልጆች ላይ ግን ይህ ምንም ለውጥ አላመጣም። በአንቺ ቤት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ለጎንደር ልጅ ጅብ እውነት አይደለም ብትዪው ሌሊት ከውጭ ሲጮኽ ይሰማዋል። ያን ጊዜ የሚያጣው በጅቡ ላይ ያለውን እምነት ሳይሆን በአንቺ ቃል ላይ ያለውን ነው።

ስለዚህ እውነቱን ንገሪው። ጅብ አለ። ሌሊት የሚወጣው አጥንትና የሞተ ከብት ፍለጋ ነው። እኛ ቤት ውስጥ ነን፤ በሩ ተዘግቷል። ሲመሽ በሩን ራሱ ከአንቺ ጋር ሄዶ ይዝጋው፤ መቀርቀሪያውን በእጁ ይግፋው። ወደ ሽንት ቤት ስትሄዱ ባትሪውን እርሱ ይያዝ። ለጊዜው ማታ ማታ ቤት ውስጥ ፖፖ አስቀምጪለት፤ ይህን ማድረግ ማሞላቀቅ አይደለም። ሲጮኽ ስትሰሙ «ሰማኸው? ሩቅ ነው» በዪው። ትንሽ ልጅን የሚያረጋጋው ማስረዳት ሳይሆን መታቀፍ፣ የሚጠጣ ትኩስ ነገር፣ የለመደው ጋቢ፣ የሚያበራው መብራት ነው። ቀን ቀን ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ስጪውና ጅቡን ይሳለው። ትልቅም ትንሽም ቢያደርገው፣ ጅራቱን ቢያስረዝመው፣ ቢቀድደውም የራሱ ጉዳይ ነው፤ አታርሚው።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ ቀለል አድርገሽ ወዳለፍሽው ነገር ልምጣ። «አባዬ መቼ ይመጣል?» እያለ ቀኑን ሙሉ እንደሚጠይቅሽ ጽፈሻል። እህቴ፣ ልጅሽ በፊልሙ ውስጥ ከጅቦቹ የበለጠ ያየው ነገር አለ። አባትየው አንበሳ በገዛ ወንድሙ እጅ ከገደል ተወርውሮ በሚሮጥ መንጋ እግር ሥር ይሞታል። ግልገሉ የአባቱን ሬሳ ሊቀሰቅስ ይሞክራል፤ ከሥሩ ገብቶ ይተኛል። ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። እንግዲህ አባቱ ሌሊት በመንገድ ላይ የሚያድር የአራት ዓመት ልጅ ይህን ብቻውን ተቀምጦ አይቷል። ስለ ጅብ ያወራል፤ የጅብን ስም ያውቀዋልና። የሚጠይቀው ግን ስለ አባቱ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ፊልም ብቻ ያለ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣው «ባምቢ» የአጋዘኑ ግልገል እናቱን በአዳኝ ጥይት ያጣል። በ2003 በወጣው «ፋይንዲንግ ኒሞ» ገና ከመጀመሩ እናቲቱን ትልቅ ዓሣ ይበላታል። በእንግሊዝ የሚታተመው የሕክምና መጽሔት «ቢ ኤም ጄ» በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት ከ1937 እስከ 2013 የወጡ 45 ታዋቂ የሕፃናት ካርቱን ፊልሞችን ለአዋቂ ከተሠሩ ፊልሞች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከካርቱኖቹ በሁለት ሦስተኛው አንድ ዋና ሰው ወይም እንስሳ ይሞታል፤ ከአዋቂዎቹ ፊልሞች ግን በግማሹ። የዋናው ባለታሪክ ወላጅ የመሞት ዕድሉ በካርቱኖቹ ውስጥ አምስት እጥፍ ነበር። ታሪክ ሠሪው ልጁን ብቻውን መንገድ ላይ ማውጣት ይፈልጋል፤ ለዚያ አባትና እናቱን ያነሣበታል። የእኛስ ተረት እንጀራ እናት የበዛችበት ለምን ሆነና!

ለዚህ መድኃኒቱ ያለው በባለቤትሽ እጅ ነው፤ ከማንም በላይ። ከመውጣቱ በፊት ልጁን ቁጭ አድርጎ መንገዱን ያስቆጥረው፤ አዘዞ፣ አይከል፣ ሸኸዲ፣ መተማ። ሲመለስም ወደ ኋላ ይቁጠሩት። ስንት ሌሊት እንደሚያድር በጣት ያሳየው፤ መንገድ ቢዘገይ ደውሎ እንደሚናገር ቃል ይግባለት፣ ቃሉንም ይጠብቅ። ኔትወርክ ባለበት ቦታ ሁሉ ልጁ ሳይተኛ ድምፁን ያሰማው። «አባዬ ይሞታል?» ብሎ በግልጽ ከጠየቀሽ አትደንግጪ፣ አፉንም አታስይዥው። «አባትህ ጠንቅቆ የሚነዳ ሹፌር ነው፤ ይመጣል። እስኪመጣ እኔም እህትህም እዚሁ ነን» በዪው።

ለሴት ልጅሽ ደግሞ ሥራ ስጫት። ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማርኛ ለወንድሟ ትንገረው፤ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ፣ ቀን በብርሃን። ግልገሉ አድጎ ወደ አገሩ እንደሚመለስ ምናልባት ልጁ አላየው ይሆናል፤ ዓይኑን የሸፈነ ልጅ መጨረሻውን አያይም።

ካርቱንን ጨርሶ አትከልክዪ። ፍርሃትን በልኩ፣ ሰው አጠገቡ ሆኖ የቀመሰ ልጅ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም። ይልቅስ አዲስ ፊልም ሲመጣ መጀመሪያ አንቺ እዪው፤ ባይሆን መጀመሪያውንና መካከሉን። ከእራት በኋላ ሳይሆን ከሰዓት በኋላ ይሁን። ሪሞቱ ከትንሹ እጅ ላይ ይሁን። ምጣድ ላይ በምትሆኚበት ሰዓት አስፈሪ የሌለበትን፣ በአማርኛ የተሠራውን ክፈቺላቸው።

ስለ ጠበሉ፣ ለአማትሽ ያለሽን አክብሮት እጠብቃለሁ፤ የቤታችን ልማድ ነው፣ እኔም የማምንበት ነው። ነገር ግን ልጁ በፈቃዱ፣ በአንቺ እጅ ተይዞ ይሂድ፤ እያለቀሰ ተጎትቶ አይሁን። «ክፉ ነገር ይዞት ነው» ሲባልም አይስማ፤ የራሱን ሰውነት መፍራት ይጀምራል። ፍርሃቱና አልጋ ማርጠቡ ወር አልፏቸዋልና ደግሞ ሐኪም ይየው። አልጋ ማርጠብ ከፍርሃት ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ሽንቱን መመርመር ቀላል ነገር ነው። እንቅልፍና ምግብ እየከለከለው ከሄደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ወደዚያ መሄድ የሚያሳፍር አይደለም።

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎት። እኔ ጡረታ ላይ ያለሁ የስድስት ልጆች አያት ነኝ። ልጆቼ ለልጆቻቸው ፊልም ሲመርጡ፣ «ይህ ያስፈራዋል፣ ያ ያስደነግጠዋል» ሲባባሉ እሰማለሁ። እኛ በጭራቅና በጅብ ተረት አድገናል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስንሳለም በግድግዳው ላይ ዲያብሎስን በእሳት መካከል እያየን፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋው እያየን ነው ያደግነው። ምን ሆንን? የዛሬ ልጅ ከነፋስ ሳይቀር ይጠበቃል። እንዲህ ያደገ ልጅ ነገ ኑሮን እንዴት ይችለዋል?

አያት፣ ከቁስቋም

መልስ፦ ጋሼ፣ ደብዳቤዎን በደስታ ነው ያነበብሁት። ልጅ ከፍርሃት ሁሉ ተሸሽጎ ማደግ የለበትም በሚለው እስማማለሁ። በተቀረው ግን እከራከርዎታለሁ፤ የሚያነሷቸው ምሳሌዎች ለእኔ ነው የሚመሰክሩት።

ተረቱን ማን ነገረዎት? አያትዎ ወይም እናትዎ፣ ምድጃ ዳር፣ ፊትዎን እያዩ። «ተረት ተረት» ሲሉ እርስዎ «የመሠረት» ብለው ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም ነበር። ዓይንዎ ሲፈጥ ያዩና ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንቅልፍ ሲመጣብዎት ያሳጥሩታል፤ ሳቅ ሲያስፈልግዎት አያ ጅቦን ገደል ይከቱታል። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ በተረታችን ውስጥ ጅብ ማን ነው? ሆዳም፣ ቂል፣ ጦጣ ሁልጊዜ የምታታልለው ነው። ሌሊት ውጭ የሚጮኸውን አውሬ አያቶቻችን ማታ ማታ እያሳቁብን አሳንሰውልናል። ሲጨርሱም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብለው በሩን ይዘጉታል፤ ልጁ ተረቱ እንዳለቀ ያውቃል። ቴሌቪዥን የልጁን ፊት አያይም። ቢያለቅስም ይቀጥላል፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይከተላል።

ሥዕሉም እንዲሁ ነው። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ዲያብሎስ ከግድግዳው አይንቀሳቀስም፤ አይጮኽም፤ ሙዚቃ የለውም። ልጁ ሲፈልግ ያየዋል፣ ሲበቃው ፊቱን ያዞራል። ቀና ሲል ደግሞ ጣራውን ሙሉ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸውን ከፍተው ወደ እርሱ ያያሉ። እጁን የያዘች አያትም አጠገቡ አለች፤ ማን ማን እንደሆነ ትነግረዋለች። ሠዓሊዎቹ ክፉውን ብቻውን አልሣሉትም።

አንድ ነገር ግን አልደብቅዎትም። «ዝም በል፣ ጅብ መጣልህ!» «ካልበላህ ለጭራቅ እሰጥሃለሁ!» የሚለውን የአስተዳደግ ልማዳችንን አልወደውም፤ ወድጄውም አላውቅም። ይህ ተረት አይደለም፤ ማስፈራሪያ ነው። መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፤ ጅቡን የሚያሸንፍ ጦጣም የለበትም። ክፍሌ ውስጥ ሽንት ቤት ብቻቸውን መሄድ የሚፈሩ ልጆች ገጥመውኛል፤ እቤታቸው ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፊልም ሳይሆን ይህ ቃል ነበር።

አሁን ልለምንዎት። የልጅ ልጆችዎ ካርቱን ሲያዩ አጠገባቸው ይቀመጡ። ቋንቋው ባይገባዎትም ግድ የለም፤ የአንድ ሽማግሌ ጉልበት አጠገብ መኖሩ ብቻ ብዙ ነገር ያቀልላል። ሲያልቅ ይዝጉትና «በሉ አሁን የእኛን አያ ጅቦ ልንገራችሁ» ይበሏቸው። ስድስቱም ከበው ይሰሙዎታል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ጭራቅም ዘንዶም አያስፈራትም፤ እየሳቀች ታያለች። ካርቱኑ ውስጥ ተኩስ ወይም ፍንዳታ ሲመጣ ግን ጆሮዋን ደፍና ወደ ጓዳ ትሮጣለች። ወንድሞቿ ይስቁባታል። ትለምደዋለች ብዬ ዝም ልበል?

አባት፣ ከማራኪ

መልስ፦ ዝም አይበሉ። ከተማችን ባለፉት ዓመታት እውነተኛ ተኩስ ሰምታለች፤ ልጅዎም ሰምታለች። ለዚህች ልጅ ያ ድምፅ የፊልም ድምፅ አይደለም፤ የምታውቀው ነገር ነው። ጭራቅ በሕይወቷ ስላላየች መሳቅ ትችላለች።

ከክፍሉ ስትወጣ ራሷን እየጠበቀች ነውና አትጥሯት፤ ተከትለዋት ይሂዱና አብረዋት ይቀመጡ። ተኩስ ያለበት ፊልም እርሷ ባለችበት አይከፈት፤ ወንድሞቿም ይህን እንደ ቤት ደንብ ይያዙት፤ መሳቃቸውም ዛሬውኑ ይቁም። ፊልም በሌለበት ሰዓት ደግሞ፣ እንዲያ ያለ ድምፅ በእውነት ቢሰማ ቤተሰቡ የት ክፍል እንደሚሰበሰብ፣ ከመስኮት ርቃ የት እንደምትቀመጥ፣ ማን እንደሚይዛት አስቀድመው ያሳዩዋት። ማን እንደሚይዛት የምታውቅ ልጅ ትረጋጋለች። እንቅልፍ ካጣች ወይም ትምህርት ቤት መሄድ ከፈራች ሐኪም ያማክሩ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፒያሳ አካባቢ ፊልም በፍላሽና በስልክ የምጭንበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። እናቶች መጥተው «የልጆች ካርቱን ጫንልኝ» ይሉኛል፤ እኔም ያለኝን እሰጣለሁ። አንዲት እናት ተመልሳ መጥታ «ልጄን አስደነገጥህብኝ» ብላ ወቀሰችኝ። እንዴት ልምረጥ? አንዳንዱ ላይ «ጂ»፣ አንዳንዱ ላይ «ፒጂ» የሚል ምልክት አያለሁ፤ በእርሱ ልመራ?

ወጣት ነጋዴ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ልጄ፣ መጠየቅህ ያስመሰግንሃል፤ በአንድ ቀን ስንት ቤት ፊልም እንደምታስገባ ሳስበው ሥራህ ከመምህር ሥራ አያንስም።

ምልክቶቹ የአሜሪካ ናቸው። «ጂ» ማለት ማንም ዕድሜ ሊያየው ይችላል ማለት ነው፤ «ፒጂ» ደግሞ አንዳንዱ ትዕይንት ለልጅ ላይስማማ ስለሚችል ወላጅ ይመልከተው ማለት ነው። «ፒጂ» ያለበትን ሳትናገር አትጫን። ነገር ግን «ጂ» ስላለ ብቻ አትተማመን፤ ከላይ የአዘዞዋን እናት ልጅ ያስደነገጠው እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የአንበሳ ፊልም ምልክቱ «ጂ» ነው። ዲዝኒ የመጀመሪያውን ረጅም ካርቱን፣ የስኖው ዋይትን ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ካወጣ በኋላ የእንግሊዝ የፊልም መርማሪዎች ጠንቋይዋን አይተው፣ ልጆች ያለ አዋቂ እንዳይገቡ የሚል ምልክት ሰጥተውት ነበር። ያ ውሳኔ ለእኔ ዛሬም ትክክል ነው፤ ፊልሙን አልከለከሉም፣ አዋቂ አጠገብ ይሁን አሉ።

ከምልክቱ ይልቅ እናቲቱን ጠይቃት። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ከማን ጋር ነው የሚያየው? በየትኛው ቋንቋ? በቅርቡ ሰው የሞተበት ቤት ከሆነ ወላጅ የሚሞትበትን ፊልም አትስጥ፤ ይህንን ከጠየቅሃት ትነግርሃለች። በአማርኛ የተሠሩ የልጆች ዝግጅቶችን ሰብስብና ለብቻቸው አስቀምጥ። ሥዕል የሆነ ሁሉ የልጅ እንዳይመስልህ፤ ጃፓንም አሜሪካም ለአዋቂ ብቻ የሚሠሯቸው ደም የሚፈስባቸው ካርቱኖች ሞልተዋል፤ እነዚህ በኮምፒውተርህ ላይ ከልጆቹ ጋር በአንድ ፎልደር አይቀመጡ።

ከዩቲዩብ አውርደህ የምትጭነውን ግን አደራህን አንተው ራስህ እየው። እ.ኤ.አ. በ2017 በብዙ አገር ጋዜጦች የተጻፈበት ነገር ነው፤ ልጆች የሚወዷቸውን የካርቱን ገጸ ባሕርያት መልክ ይዘው፣ ውስጣቸው ግን መርፌ፣ ደም፣ ድብደባ የሞላባቸው ቪዲዮዎች ተሠርተው ተገኝተዋል። ከላይ ሲታዩ ከሌላው አይለዩም። ከመካከሉና ከመጨረሻው ትንሽ ትንሽ ሳታይ አትጫን፤ ያላየኸውን «አላየሁትም» በል።

«ሕፃኑ እንዲያዝልኝ» ብላ ለአንድ ዓመት ልጅ ጫንልኝ የምትልህም ትመጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ለአንድ ዓመት ልጅ ቴሌቪዥንም ስልክም አይመከርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት አይለፍ፣ ቢያንስ ይሻላል ይላል። ይህን በትሕትና ንገራትና ፍላሹን ባዶውን መልስላት። የዚያ ቀን ሒሳብ ይቀርብሃል፤ ልጇ ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን የምትመጣው አንተ ሱቅ ነው።